በክረምት መውጫ ፏፏቴና የዱር እንስሳት ለማየት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ፏፏቴ የሚያምረው ወንዙ ሲሞላ ነው። የዱር እንስሳ ደግሞ በቀላሉ የሚታየው ሣሩ ሲያጥርና ውሃ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ማሰብ አለበት። ሐምሌ መሃል ላይ ዝም ብሎ የሄደ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ጭጋግ ብቻ ሊያይ ይችላል። ሚያዝያ ላይ የሄደ ደግሞ ድንጋዩን እንጂ ውሃውን አያገኝም።

መፍትሔ ግን አለው። አንደኛ፣ ዝናቡ እየቀነሰ ወንዙ ግን ገና ያልጎደለበትን ጊዜ መያዝ። ሁለተኛ፣ እንስሳውና ውሃው አንድ አካባቢ የሚገኙበትን ቦታ መምረጥ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ይመጣል።

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

አብዛኛው ደጋችን ዝናብ የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና የነሐሴ መጀመሪያ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ደመናው ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ስለጠገበ ዝናቡ ቢቀንስም ወንዞቹ ቶሎ አይጎድሉም። ጣና እንዲያውም ከፍተኛው መጠኑ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ፣ በመስከረም ገደማ ነው።

ምረጡ ብባል ከጳጉሜን እስከ መስከረም 20 ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። አደይ አበባው ፈክቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ይከፈታል፣ ውሃውም አልጎደለም። ተማሪ ልጆች ያላችሁ ግን ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መመለስ ስላለባችሁ ከነሐሴ 20 እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ውጡ። የእንቁጣጣሽንና የመስቀልን ዋዜማ ለመንገድ አትምረጡ። መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ መኪናም እንደ ልብ አይገኝም።

2. ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ

ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ወደ ጢስ ዓባይም ሆነ ወደ ስሜን ተራሮች የሚደረግ የመኪና ጉዞ እንደ ድሮው በዘፈቀደ የሚወጣበት አይደለም። በኦሮሚያም ሰላም የሚደፈርስባቸው መንገዶች አሉ። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የመሬት መንቀጥቀጡ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። የአንዱ ወር ወሬ ለሚቀጥለው ወር አያገለግልም። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ መረጃ ያዙ።

አጠያየቅም አለው። «ሰላም ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ሰላም ነው» ይሏችኋል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ትናንት ከዚያ የመጣ መኪና አለ? በስንት ሰዓት ገባ? ፓርኩ በዚህ ሳምንት እንግዳ ተቀብሏል? የትኛው ድልድይ ወይም መታጠፊያ ላይ ጭቃ አለ? እነዚህኑ ጥያቄዎች ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ለምታድሩበት ሆቴልና መስመሩን ለሚሠራ ሾፌር አቅርቡ። የሦስቱ መልስ ካልተገጣጠመ ሌላ ቦታ ምረጡ። ፏፏቴው የትም አይሄድም።

3. እንስሳውና ውሃው አንድ ላይ ያሉበትን ቦታ ያዙ

ባሌ ተራሮች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ለሚያስብ ሰው ሁሉ የምመክረው ባሌን ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም የሚኖረው እዚህ ነው። የደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ያን የሚያህል ትልቅ እንስሳ እስከዚያ ድረስ በተራራው ተሰውሮ መቆየቱ ይገርመኛል።

ውሃውስ? የወብ ሸለቆ አለላችሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለባት ከዲንሾ ተነሥታችሁ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ሸለቆው ስትዘልቁ ፊንጫ ሀበራ የሚባለውን ፏፏቴ ታገኛላችሁ። ሸለቆው ራሱ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ፏፏቴውን ልታዩ ስትሄዱ ቀበሮው መንገዳችሁን ሊያቋርጥ ይችላል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። እዚያው አካባቢ ያለ የዋሻ መጠለያ ውስጥ ተመራማሪዎች ቁፋሮ አድርገው ነበር። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች በዚህ ከፍታ ይኖሩ እንደነበርና የባሌን ትልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል። ዛሬ ያንኑ ፍልፈል የሚያድነው ቀይ ቀበሮው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የባሌ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። መስከረም ላይም ትረጥባላችሁ። ይህን አውቃችሁ ከሄዳችሁ ግን አይከፋችሁም።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ። ጊዜያችሁ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ይህን ያዙ። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው፣ ፏፏቴውም ፓርኩ ውስጥ ነው። በክረምት ውሃው ቡናማ ሆኖ እየጓጎረ ገደሉ ውስጥ ይወርዳል። ታች ዳር ላይ አዞ አይጠፋም። ኢላላ ሳላ በሚባለው ሜዳ ላይ ሳላ የተባለውን ባለ ረጅም ቀንድ እንስሳ ታያላችሁ። እንሹ፣ ከርከሮና ዝንጀሮም አለ። ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከ450 በላይ ዝርያ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ችግሩ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ ያድጋል፣ እንስሳውም በየኩሬው ውሃ ስለሚያገኝ ይበታተናል። ስለዚህ እዚህ ፏፏቴውን ዋና፣ እንስሳውን ምርቃት አድርጋችሁ አቅዱ። የወንዙ መጠን በላይ ባለው በቆቃ ግድብ አለቃቀቅም ይወሰናል። ከመሄዳችሁ በፊት ፓርኩን ውሃው እንዴት እንደሆነ ጠይቁ።

ጢስ ዓባይ። መንገዱ አስተማማኝ ከሆነ ይህን የሚተካ የለም። በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ ደግሞ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ነገር ግን ውሃውን ከኃይል ማመንጫዎች ጋር ይጋራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የበለስ ማመንጫ ውሃውን በቀጥታ ከጣና ስለሚወስድ ፏፏቴው በበጋ በጣም ይሳሳል። ለዚህ ነው ነሐሴና መስከረም የሚመረጡት። በመመለሻችሁ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ በጀልባ ብትዞሩ ጉማሬ የማየት ዕድል አላችሁ።

ስሜን ተራሮች ላይ የጅንባር ፏፏቴ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያም አጠገቡ ናቸው። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይሆናል። ፖርቹጋል ድልድይ የሚሉት ጋ ወንዙ ገደል ይገባል፣ ጭላዳዎቹም እዚያው ገደል ላይ ናቸው። ኢሉባቦር፣ መቱ አጠገብ ያለው ሶር ፏፏቴ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ስለሆነ ጉሬዛ እያያችሁ ትደርሳላችሁ። ወላይታ በኩል መንትያው አጆራ አለ፤ እሱ ግን ለውሃው እንጂ ለእንስሳት የሚኬድበት አይደለም።

ሦስት ቦታ በአንድ ሳምንት አታጭቁ። በክረምት መንገድ ቀኑ የሚያልቀው መኪና ውስጥ ነው። አንድ ቦታ ይዛችሁ ሁለት ጠዋት እዚያው ማሳለፍ ይበልጣል።

4. ቀኖቹን አደላድሉ

ባሌን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። አምስት ቀን ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላና አዳባ አድርጋችሁ ትገባላችሁ። ማልዳችሁ ውጡ፣ ሳይጨልም ግቡ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ማደር ሰውነታችሁን ለከፍታው ያለማምደዋል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ በእግር ዙሩ። የደጋ አጋዘን እዚያ ሰው ስለለመደ ብዙ አይሸሽም። ከርከሮና የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጋይሳይ ሜዳ ሂዱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ወብ ሸለቆና ወደ ፊንጫ ሀበራ። ፈረስና መሪ ቀድማችሁ በአካባቢው አስጎብኚዎች ማኅበር በኩል ያዙ። ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ ምሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አራተኛው ቀን የሰነቴ ሜዳ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ይህን ሜዳ ያቋርጣል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ጭጋጉ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው። ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካጥወለወላችሁ ወይም እግራችሁ ከከዳችሁ አትታገሉ፤ ወደ ጎባ ውረዱ። አምስተኛው ቀን መመለሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ጨምሩ። ድልድይ ሊሞላ ይችላል፣ መኪና ሊይዝ ይችላል። ትርፍ ቀን የሌለው ሰው ሾፌሩን በማታ ንዳ እያለ ያስጨንቃል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

5. መኪና፣ ክፍያ፣ ስካውት

ዋናው አስፋልት ላይ ሚኒባስ ይበቃል። ፓርክ ውስጥ ግን በክረምት ፎር ዊል ያስፈልጋል። ስትከራዩ ጎማውን በዓይናችሁ እዩ። ያለቀ ጎማ ጭቃ ላይ ዋጋ የለውም። መጠባበቂያ ጎማ፣ ክሪክ፣ ገመድና አካፋ መኖሩን አረጋግጡ። ነዳጅ የማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተባለ ነገር በሦስተኛው ቀን ያጨቃጭቃል።

ፓርኮቹ መግቢያ ያስከፍላሉ፤ ለሰውም ለመኪናም። የካምፕና የስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ) ክፍያ ለብቻው ነው። ዋጋው ስለሚቀየር በስልክ ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር አይሠራምና ጥሬ ብር፣ በተለይ ዝርዝር፣ ያዙ። ስካውቱን እንደ ግዴታ አትዩት። ቀበሮው ትናንት የት እንደዋለ የሚያውቀው እሱ ነው። ለእሱም ምሳ አስቡለት።

ድሮን ይዤ ልሂድ የምትሉ ያለ ፈቃድ አትሞክሩት። መዘዙ ብዙ ነው።

6. ቦርሳው

ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ከተቻለ ሱሪም። ጥሩ ጥርስ ያለው ቦቲ ጫማ፤ አዲስ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት አድርጉት፣ አለበለዚያ ተረከዛችሁን ይልጣችኋል። ሦስት አራት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። በደጋው ላይ የማታው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጅንስ ተዉት፣ ከረጠበ አይደርቅም።

ባይኖኩላር ከቻላችሁ ለሁለት ሰው አንድ ይኑራችሁ፤ ተውሳችሁም ቢሆን። ስልክ ለፏፏቴ ይበቃል፣ ለእንስሳ ግን አይበቃም። ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ፓወር ባንኩን ደረታችሁ ጋ ባለው ኪስ ያዙት።

ወደ አዋሽ ወይም ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ የወባውን ነገር አትርሱ። የወባ ወቅት የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። አጎበር፣ የሚቀባ መከላከያና ረጅም እጅጌ ያዙ። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት ከተሰማችሁ ቶሎ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

7. እንስሳውን በሰዓቱ ጠብቁት

እንስሳ ማየት የትዕግሥት ሥራ ነው። የሚሮጥ ሰው አያይም።

የደጋ አጋዘንና ድኩላ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። በአዋሽ ቆላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ተገኙ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስታሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ቁጭ ብሎ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣሩን በጣቱ እየቀነጠሰ ይበላል። መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ዝም ካላችሁ መንጋው ራሱ ወደ እናንተ እየተጠጋ ይመጣል።

ቀይ ቀበሮ ግን የቀን አዳኝ ነው። ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ እነሱ በሚወጡበት ሰዓት ይሠራል። ሰነቴ ላይ መኪናውን አቁሙና ሞተሩን አጥፉ። የፍልፈሉን ጉድጓድ ፈልጉ። የፍልፈሉ ዓይን አናቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ያያል። ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቅ ሣሩን ነጭቶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ወፏ ስትጮህ ፍልፈሉ ጥልቅ ብሎ ይገባል። ቀበሮው ይህን ያውቃል። ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፍ ይቆያል። ፍልፈሉ እንደገና ብቅ ሲል ነው የሚወረወረው። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። እናንተም አብራችሁ ጠብቁ።

ምግብ ለማንም እንስሳ አትስጡ። ሰው የሚቀልበው ዝንጀሮ ነገ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል። በፉጨት አትጥሩ፣ ጥሩምባ አታስነፉ። ውሻ ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። የባሌን ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የፈጀው ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው ወረርሽኝ ብቻ በደርዘን የሚቆጠሩትን ገድሏል። ዲንሾ አካባቢ ዋናው መንገድ በፓርኩ ውስጥ ስለሚያልፍ ሾፌራችሁ ቀስ ይበል።

8. ፏፏቴው ጋ

የደጋ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፏፏቴውን ጠዋት አድርጉት። ቀስተ ደመና ማየት ከፈለጋችሁ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ፣ የውሃው ጢስ ከፊታችሁ ይሁን። ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ከታች ሆናችሁ አታገኙትም። የካሜራውን መስታወት በየደቂቃው የምትጠርጉበት ደረቅ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ከአፋፉ ራቁ። ጢሱ የሚያርሰው ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሽበት አለ፣ ጫማ አይዝም። የቆማችሁበት ሣርም ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ልጆችን በእጅ ያዙ፤ «ተጠንቀቁ» ማለት አይበቃም። ፎቶ ስትነሡ ወደ ኋላ አትራመዱ። በክረምት ውሃ አትዋኙ፣ ጥልቀት የሌለው ቢመስልም።

ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ከከበደ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። ዕቃችሁን ለመሰብሰብ አትመለሱ። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ከሜዳና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ራቁ፤ መኪና ውስጥ ግቡ።

9. ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት

ለሆቴሉ፣ ለአስጎብኚውና ለሾፌሩ እንደገና ደውሉ። ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፦ ትናንት ከዚያ የመጣ መኪና አለ? የጉዞ መስመራችሁን፣ የምታድሩባቸውን ቦታዎችና የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩ። ኔትወርክ የማይኖርበትን ቀንም ንገሩት፣ ስልካችሁ ሲዘጋ እንዳይደነግጥ። በየትኛው ቀን ማታ እንደምትደውሉ ቁረጡ፣ ካልደወላችሁ ለማን ደውሎ እንደሚጠይቅም ስልክ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት።